ፍልፈልን ማን ያሰልፋል?

ጽናት መርስዔ ኃዘን ከልጅነቷ ጀምሮ ፈሪ ናት። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ማርያም፣ "ጽናቱን ለስሟ ሰጠሁት፤ ልቧ ጋ ሳይደርስ አለቀ" እያሉ ጎረቤት ያስቁባታል። ውሻ ትፈራለች። የሞላ ወንዝ ትፈራለች። በር በድንገት ሲንኳኳ በእጇ የያዘችው ነገር ይወድቃል። ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷት፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ቀየት በምትባል የገጠር ከተማ የሒሳብ መምህርት ሆና እንኳ፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ በጎኗ ቆማ ነው። ጀርባዋን ሙሉ በሙሉ ለማንም አትሰጥም።

ፍርሃቷ የሚጠቅማት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ካርድ ጨዋታ ላይ።

ካርድ ሲባል ሥራ ፈት በየጥላው ቁጭ ብሎ የሚጫወተው ካርታ አይደለም። ደብረ ብርሃን ስትማር አብራት ታድር የነበረችው ፀደንያ ከአዲስ አበባ ያመጣችው፣ ጥቂት ወጣቶች አሳትመው በፓኬት የሚሸጡት፣ "የዱር ጦር" የሚባል ጨዋታ ነው። ከካርዶቹ ብዙው የስንቅና የእርዳታ ነው፤ በቀረው ላይ አንድ አንድ የአገራችን አውሬ ተስሎበታል፤ ነብር፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ንስር፣ ጅብ። ተጫዋቹ ከሰበሰባቸው ካርዶች አርባውን መርጦ የራሱን ክምር ያዘጋጃል። አንድ አውሬ ግንባር ይቆማል፣ የቀሩት ደጀን ይሆናሉ። አውሬው ለመምታትም ሆነ ከግንባር ለመሸሽ ስንቅ ይከፍላል። የሌላውን አውሬ የጣለ አንድ ምርኮ ይወስዳል፤ ስድስት ምርኮ ቀድሞ የሞላ አሸናፊ ነው። ግንባሩ ወድቆበት ደጀን ያጣ ሰው ግን ምርኮ ሳይቆጠር ወዲያው ይሸነፋል።

ቀየት ላይ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ጽናት ማታ ማታ ደብተር ስታርም ቆይታ፣ ቀኝ እጇን ከግራ እጇ ጋር ታጫውታለች። ካርዶቹን የምትሸሽገው በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የሸሸገችበትም ምክንያት አላት። አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን፣ ሠላሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው፣ አንድ ቀን ከመጽሐፏ መሃል የጭላዳውን ካርድ አገኙ። ደረቱ የቀላ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ጭላዳ ነው። አገላብጠው አዩትና፣ "ይህ ዓይን የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። መልስ ሳይጠብቁም ምድጃው ውስጥ ጣሉት። ጠልሰም መስሏቸው ነበር። እሷም አልተከራከረችም። አባቷንም ትፈራለች።

ባለፈው የካቲት ቴዎፍሎስ ደወለላት። ቴዎፍሎስ ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ከተማሪነት ጀምሮ ከእሷ ጋር የሚጫወት ልጅ ነው። በመጋቢት አጋማሽ ደብረ ብርሃን ላይ ሠላሳ ሁለት ሰው የሚወዳደርበት ግጥሚያ እንደተዘጋጀ ነገራት። አንድ ዓይነት ክምር አዘጋጅተው ሁለቱም በእሱ እንዲጫወቱ ተስማሙ። ሠላሳ ስድስቱን ካርድ ለመምረጥ ሁለት ሌሊት በቃቸው። ክርክር የገጠሙት ስለ ፍልፈል ነው።

ፍልፈል ከመነሻ አውሬዎች፣ ማለትም ያለ ሌላ ካርድ በቀጥታ ከሚሰለፉት፣ ከሁሉ የተናቀው ነው። እስትንፋሱ አርባ ብቻ፣ ምቱ አሥር። ነብር በአንድ ምት ሦስት ፍልፈል የሚጥል ጉልበት አለው። በየፓኬቱ አንድ ሁለት ስለማይጠፋ፣ ሰዎች እንዲያው በነጻ ይሰጣጡታል፤ ፀደንያ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ እግር ሥር ታስገባው ነበር።

"አራት እናስገባ" አለ ቴዎፍሎስ።

"ፍልፈልን ማን ያሰልፋል?"

"ማንም አያሰልፈውም። ስለዚህ ማንም አልተዘጋጀበትም። አንቺ ደግሞ ምቱን ብቻ አትዪ፤ ከታች ያለውን አንብቢ። ለመሸሽ ስንቅ አይከፍልም።"

ጽናት ስልኩን ዘግታ ካርዱን አነበበች። እውነቱን ነው። ግንባር ያለው አውሬ ሲወድቅ፣ ተጫዋቹ ቀጣዩን ካርድ ከመሳቡ በፊት ከደጀን አንዱን የማቆም ግዴታ አለበት። ያን ጊዜ ፍልፈሉን ያቆማል። ከዚያ ካርዱን ይስባል፣ ያስባል፣ ፍልፈሉን ያለ ስንቅ ይመልስና የሚፈልገውን አውሬ ያወጣል። አንዲት ትንፋሽ የማሰቢያ ጊዜ ትገኛለች ማለት ነው። የፈሪ ሰው ልብ ይህን ወዲያው ተረዳው።

ነገር ግን የፈሪ ሰው ልብ ሌላውንም አየ። መጀመሪያ ከሚታደሉት ሰባት ካርዶች ውስጥ ከፍልፈል በቀር ሌላ መነሻ አውሬ ባይኖርስ? ፍልፈሉ ብቻውን ግንባር ይቆማል፤ በአንድ ምት ይወድቃል፤ ጨዋታው ሳይጀመር ያልቃል። ተማሪዎቿን የምታስተምረውን ስሌት ለራሷ ሠራች። በክምሩ ውስጥ አሥር መነሻ አውሬ አለ ብላ ብትነሣ፣ አራቱ ፍልፈል ከሆኑ ይህ መከራ ከመቶ ጨዋታ በሃያው ይደርሳል። ሁለት ብቻ ከሆኑ በስምንቱ። ንስርም አለ፤ ግንባሩን ዘልሎ ደጀን የሚመታ፣ ለፍልፈል ተብሎ የተሠራ የሚመስል።

ይህን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ላይ አሰፈረችው። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ይህ ነው የሚነበበው፦ "ፍልፈል ግንባር ከአንድ ተራ በላይ አይቆይም። ስንቅ አይፈልግም። ቢወድቅ አንድ ምርኮ ነው፤ ደጀኑ ግን ይተርፋል። ንስር ካለ ደጀንም አያስተማምንም። ቴዎፍሎስ አራት ይላል፤ እኔ ሁለት። ቅዳሜ፣ ደ/ብርሃን፣ 3 ሰዓት፣ 32 ሰው።"

ከሥሩም ለራሷ ማስታወሻ ጻፈች፦ "አባባ እንዳይሰማ። መሐል ሜዳ የመምህራን ስብሰባ በዪ።"

ስትጽፈው አልፈራችም። ልትፈራው የሚገባት ይህ ደብተር ብቻ ነበር፤ እሱን ግን አላሰበችውም።

ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ከቀየት ተነሣች፤ መሐል ሜዳ ላይ በጓሳ ደጋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የምትሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አገኘች። አጠገቧ ያሉት ሴት እማማ ይመኙሻል ይባላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ለሕክምና ነው የሚሄዱት። ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ "የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ጠየቋት።

"የመሪጌታ መርስዔ ኃዘን።"

"የቅኔው? አውቃቸዋለሁ። ወንድሜ እሳቸው ዘንድ ነው የተማረ።" ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ በጎቻቸው፣ በልግ ስለመዘግየቱ አወሩ። ስሟን አልጠየቋትም፤ የአባቷ ስም በቅቷቸዋል።

ጓሳ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ጉዞ ያህል ይነዳል። ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው በመንገዱ ዳር ያለው የጓሳ ሣር ብቻ ነው፤ እሱም ከአምስት እርምጃ ወዲያ ይጠፋል። ጽናት ቦርሳዋን በጉልበቷ ላይ አቅፋ፣ ሁለት ወይስ አራት እያለች ስታሰላ፣ ፍሬን ተያዘ። ሰው ሁሉ ወደፊት ተወረወረ፣ ተመለሰ።

ከጉሙ ውስጥ አራት የታጠቁ ሰዎች ወጡ።

ማን እንደሆኑ አልተናገሩም። የጠየቃቸውም የለም፤ መጠየቅ ራሱ መልስ የሚመስልበት ዘመን ነው። ሁሉም ውረዱ ተባለ፣ ወረዱ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን መሬት ላይ ተቀመጡ። ሣሩ በጤዛ ርሶ ስለነበር ቀሚሷ ወዲያው ረጠበ። መታወቂያ ተሰበሰበ። ቦርሳ ተከፈተ። የአንዱ ሰው ሽንኩርት መንገዱ ላይ ተንከባለለ፤ ሊለቅመው የተነሣ የለም።

ቦርሳዋን የፈተሸው ወጣት ነው፤ ባልደረቦቹ ምንይሉ ይሉታል። ፊቱ በብርድ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። ልብሷን አወጣ፣ ዳቦዋን አወጣ፣ የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ አወጣ። ከፈተው። ከላይ ያለውን የካርዶቹን መጠቅለያ ከፍ አድርጎ ፊደሉን በቀስታ አነበበ።

"የዱር ጦር።"

ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ሰማያዊውን ደብተር ገለጠ። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጽናት የትኛውን መስመር እያነበበ እንደሆነ ከከንፈሩ ታውቅ ነበር። ግንባር። ስንቅ። ምርኮ። ደጀን። ራሷ የጻፈቻቸው ቃላት ከሌላ ሰው አፍ ሲወጡ ሌላ ነገር ሆነዋል።

"ጋሼ ወዳጆ" ብሎ ተጣራ ልጁ። "ይህቺን ይዩልኝ።"

ወዳጆ የተባሉት አምሳ ዓመት የተሻገሩ፣ ሽበት የጀመራቸው፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ ሰው ናቸው። ደብተሩን ተቀብለው አንድ ገጽ አነበቡ፤ ሁለተኛውንም። ከዚያ፣ "ተነሺ" አሏት።

ለመነሣት እጇን መሬት ላይ ተደገፈች። ያን ጊዜ እማማ ይመኙሻል ክንዷን ይዘው አብረዋት ተነሡ።

"እርስዎ ይቀመጡ" አለ ምንይሉ።

"ልጄ ናት። እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ። ዓይኔ አያይም፤ ያለ እሷ የት እደርሳለሁ?"

ወዳጆ ሴትዮዋን ከእግር እስከ ራስ አዩ።

"ልጅዎ ስሟ ማን ነው?"

እማማ ይመኙሻል ለአንድ አፍታ እንኳ አላመነቱም። "ጥሩሸዋ።"

ምንይሉ መታወቂያዋን አወጣ። "ጽናት ነው የሚለው።"

"የትምህርት ቤት ስሟ ይሆናላ። እኔ ማንበብ መች አውቄ። ቤት ጥሩሸዋ ነው የምንላት።"

ማንም አልሳቀም። ወዳጆ በእጃቸው ምልክት ሰጡና ሁለቱንም ከመንገዱ ወደ ወዲያ ወሰዷቸው። ጥቂት እንደሄዱ ጽናት ዞር ብላ አየች፤ አውቶቡሱ የለም፤ ሰዉም የለም፤ ጉም ብቻ ነው። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ቆሙ። ወዲያው የሞተር ድምፅ ተሰማ። መኪናው ተነሣ፤ ድምፁ ጥቂት ራቀ፤ ጠፋ። ጥለዋት መሄዳቸው ነው ብላ አመነች። ሾፌሩ መንገዱን ልቀቅ ተብሎ ዳር እያስያዘ መሆኑን በምን ታውቃለች? አባቷ ዛሬ መሐል ሜዳ ስብሰባ ላይ ናት ብለው እንደሚያስቡ ትዝ አላት። ብትጠፋ የሚፈልጓት በሌላ ቦታ ነው። ከሁሉ ይህ አስፈራት።

"ፍልፈል ማን ነው?" አሉ ወዳጆ።

"ሰው አይደለም። ካርድ ነው።"

"ቴዎፍሎስስ?"

"እሱ ሰው ነው። ጓደኛዬ ነው። አብሮኝ የሚጫወት።"

"ሠላሳ ሁለት ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ይሰበሰባል?"

"ለመጫወት።" ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ውሸት መሰለ። እሷ ራሷ ብትሰማው አታምነውም።

"ጋሼ፣ ይህ ምስጢራዊ መልእክት ነው" አለ ምንይሉ። "የአውሬ ስም የሰጡት ለሰው ነው። ወደ ታች እንውሰዳት።"

ወደ ታች የት እንደሆነ አልተናገረም። እማማ ይመኙሻል የጽናትን ክንድ የያዙበት እጅ ሲጠብቅ ተሰማት።

ወዳጆ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና የታመመ እግራቸውን ዘረጉ። "ጨዋታ ከሆነ የጻፍሽውን ሁሉ ታውቂዋለሽ" አሉ። "እኔ አንዱን መስመር አነባለሁ፤ አንቺ በካርዱ ታሳዪኛለሽ። አንዱን ከሳትሽ ግን ልጁ እንዳለው ይሆናል።"

ካርዶቹን ሣሩ ላይ ዘረጋች። ነፋሱ ሊወስዳቸው ሲል እማማ ይመኙሻል ጎንበስ ብለው ጠጠር ጫኑባቸው። ጽናት ነብሩን ለማንሣት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

"ፍልፈል ግንባር ከአንድ ተራ በላይ አይቆይም" አሉ ወዳጆ።

ፍልፈሉን አስቀመጠች፤ ነብሩን ፊት ለፊቱ። "እስትንፋሱ አርባ ነው፤ ይኸው እዚህ ተጽፏል። የነብሩ ምት መቶ ሃያ። አንድ ጊዜ ከተመታ አለቀ።"

"ስንቅ አይፈልግም።"

"ለመሸሽ ነው። ሌላው አውሬ ሁሉ ለመሸሽ ይከፍላል። እሱ አይከፍልም።"

"ንስር ካለ ደጀንም አያስተማምንም።"

ንስሩን ፈለገች። አላገኘችውም። ካርዶቹን አገላበጠች፣ እንደገና አገላበጠች። ምንይሉ አንድ እርምጃ ቀረበ። ካርዱ ከቆርቆሮው ግርጌ ተጣብቆ ነበር፤ በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣችውና ለወዳጆ ሰጠቻቸው። እሳቸው ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያንዳንዱን ቃል አነበቡ።

"ታዲያ ይህን ደካማ ለምን ታሰልፊዋለሽ?" አሉ። "እንዲሞት?"

"አይደለም።" ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ጠነከረ፤ ይህን ጥያቄ ለአንድ ወር ስታስበው ስለ ቆየች ይሆናል። "ከሞተማ ምንም ጥቅም የለውም። አንድ ምርኮ መስጠት ነው። የሚጠቅመው ቆሞ ጊዜ ከሰጠ በኋላ ሳይመታ ሲመለስ ነው። ካልተመለሰ ማሰለፉ ስሕተት ነበር ማለት ነው።"

ወዳጆ ካርዱን በእጃቸው አገላበጡ። የሆነ ቦታ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ጭላዳዎች ይጮኻሉ።

"ስንት ታስገቢያለሽ?"

"ሁለት። ጓደኛዬ አራት ነው የሚለው።"

"ሁለትም ይበዛል" አሉ። ከዚያ ገጹን ገለጡ፤ ቅንድባቸው ተነሣ። "ይህስ? አባባ እንዳይሰማ። መሐል ሜዳ የመምህራን ስብሰባ በዪ።"

ለዚህ የምታሳየው ካርድ የለም። እንባዋ ሳታስበው ወረደ። "አባቴ መሪጌታ ናቸው" አለች። "ሥዕሎቹን ጠልሰም ይሏቸዋል። አንዱን አቃጥለውብኛል። ስለዚህ ዋሸኋቸው።"

"በሁዳዴ?"

"አዎ።"

ወዳጆ ቀስ ብለው ወደ እማማ ይመኙሻል ዞሩ። "እናትየውስ? ያውቁ ነበር?"

ሴትዮዋ በአንዱ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩአቸው። "እናት የማታውቀው ምን አለ?" አሉ።

ሰውየው ሁሉንም እንዳወቁ ጽናት ከፊታቸው አነበበች። እናት አለመሆናቸውን አውቀዋል፤ ጥሩሸዋ የምትባል ሴት እንደሌለችም አውቀዋል። ያም ሆኖ ካርዶቹን ሰብስቢ አሏት። ምንይሉ አንድ ነገር ሊናገር ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

"ደብተሩ እዚህ ይቀራል" አሉ። "ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ቢያገኘው፣ እንደኔ ተቀምጦ አይሰማሽም።"

አውቶቡሱ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆሞ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ገብቶ ይጠብቃል። ማንም ምን አሉሽ ብሎ አልጠየቃት፤ ሾፌሩ በሩ ሳይዘጋ ነዳ። እማማ ይመኙሻል እስከ ጣርማ በር ድረስ ክንዷን አልለቀቁም። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሲወርዱ ጽናት ልታመሰግናቸው አፏን ስትከፍት፣ "አንቺ ልጅ፣ እሱን ተይው፤ ይልቅ ሆስፒታሉ በየት በኩል ነው?" አሏት። ይዛቸው ሄዳ ወረፋ አስያዘቻቸው፤ የዘመዳቸው ልጅ እስኪመጣም አብራቸው ተቀመጠች።

ግጥሚያው በማግስቱ በሰዓቱ ተጀመረ። እዚያው ከተማ በምትኖረው በፀደንያ ቤት አድራ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሄደች። ላለመሄድ አስባ ነበር፤ ብቻዋን ቤት መቀመጡ ግን የባሰ አስፈራት። ቴዎፍሎስ አራት ፍልፈል አስገብቶ፣ እሷ ሁለት አስገብታ ቀረቡ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሰባቱን ካርድ ገልጣ ስታይ፣ ከፍልፈል በቀር ሌላ መነሻ አውሬ የለም። ከመቶው ስምንቱ ደረሰባት። ተጋጣሚዋ ጅብ አወጣ፣ መታ፣ አለቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ይቅርታ ይመስል ትከሻውን ነቀነቀ፤ እሷ ግን ካርዶቹን እየሰበሰበች ለረጅም ጊዜ ፍልፈሉን አየችው።

ከዚያ በኋላ ሦስት አሸነፈች፣ አንድ ተሸነፈች። አሥራ አንደኛ ወጣች። ቴዎፍሎስ አምስተኛ ሆነ፤ በአራቱም ፍልፈል ሲያስብ፣ ሲመለስ፣ ሲያስብ ዋለ፤ ያ የፈራችው መከራ አንድ ጊዜ እንኳ አልደረሰበትም። እሷ በስሌቷ አልተሳሳተችም፤ እሱም በዕድሉ አልተካደም። ክርክራቸው እንዳለ ቀረ።

ዋናው ችግር የመጣው እሑድ ነው። ወደ ቤት መመለስ አቃታት። መናኸሪያው በር ድረስ ሄደች፤ የመሐል ሜዳው መኪና ረዳት ሲጣራ ሰማች፤ ዞራ ተመለሰች። ሰኞም እንዲሁ። ማክሰኞ ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን መንገድ እንኳ አልረገጠችም። ርእሰ መምህሩ ደወሉላት፤ ታምሜ ነው አለቻቸው። ለእናቷ ግን በስልክ እያለቀሰች ሁሉን ነገረቻቸው።

በዘጠነኛው ቀን የፀደንያ ቤት በር ተንኳኳ። የያዘችው ብርጭቆ ወደቀ። በሩ ላይ የቆሙት መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው፤ ሰባ ዓመታቸው፣ ነጭ ጋቢያቸው በመንገድ አቧራ ቡናማ ሆኖ፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው። ያንን መንገድ ብቻቸውን ነው የመጡት።

"ስብሰባው አላለቀም ወይ?" አሏት።

እግራቸው ላይ ወደቀች። አነሡአት። ተቀምጠው ውኃ ጠጡ፤ ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ግን፣ "እስቲ ያንን ነገር አምጪው" አሏት። ቆርቆሮውን ሰጠቻቸው። ካርዶቹን አንድ በአንድ መብራት ሥር አዩ፤ ከቀይ ቀበሮው ላይ ዓይናቸው ትንሽ ቆየ። "ጠልሰም አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ጠልሰም ጸሐፊ እንዲህ አያሳምርም። እኔ ግን አሁንም ደስ አይለኝም።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ።"

"ለእኔ አይደለም። ስትጠፊ የት ብዬ እፈልግሽ ነበር?" ይህን ተናግረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ አብረው ተሳፈሩ። እሳቸው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ እሷ እንዳታይ ይሁን ወይም እሳቸው ለማየት፣ አልነገሯትም። ጓሳ ሲደርሱ ጉም አልነበረም። ፀሐይ ነው፤ ሣሩ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ሩቅ ድረስ ሁሉ ነገር ይታያል። ያንን ድንጋይ አየችው። ትንሽ ነው፤ ለመንገዱም በጣም ቅርብ ነው። ያን ቀን የአገር ዳርቻ መስሏት ነበር። የአባቷን የጋቢ ጫፍ ጨብጣ ነበር፤ እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዳዊት ይደግማሉ፤ በየመዝሙሩ መካከል ግን ድምፃቸው እየተቋረጠ ወደ መንገዱ ያያሉ። እሳቸውም እንደሚፈሩ ያኔ ገባት። መሐል ሜዳ እስኪገቡ ያስቆማቸው የለም።

ያ ካለፈ ጥቂት ወራት ሆኗል። ጽናት ዛሬም ቀየት ላይ ታስተምራለች። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጠመኔው ከእጇ ይወድቃል፤ ተማሪዎቿም ለምደውት አይስቁም። እማማ ይመኙሻል ዓይናቸው ተገፎላቸው እንደተመለሱ በሰው ሰማች፤ በፋሲካ ማግስት ከእናቷ ጋር ሄዳ ጠይቃቸዋለች።

አዲስ ደብተር ገዝታለች። በዚህኛው ላይ ግንባር የሚል ቃል የለም፤ "ፊት" ትላለች። ደጀን "ኋላ" ሆኗል፣ ስንቅ "ምግብ"፣ ምርኮ "ነጥብ"። ቀንና ቦታ አትጽፍም። የሰው ስምም አትጽፍም። ቴዎፍሎስ መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀባት፤ ቆይቶ እሱም የራሱን ደብተር ቀይሮ ጻፈ።

ሌላ ግጥሚያ በሰኔ መጨረሻ ተጠርቷል። ስሟን አስመዘገበች፤ በሳምንቱ ደውላ አሰረዘች፤ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና አስመዘገበች። ለአባቷ ነገረቻቸው። መልካምም ክፉም አላሉም፤ መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ብቻ ጠየቁ። ለዚያ ቀን ባዘጋጀችው ክምር ውስጥ ሦስት ፍልፈል አለ። ትሂድ አትሂድ ገና አልቆረጠችም።